የአራት ኪሎው ሱፐርማርኬት፦ ታክስ ሲነሳ ቅናሹ ማን ጋ ነው የሚቀረው?

«ቫቱን ቢያነሱልን እኮ ኑሮ ትንሽ ይቀለን ነበር» አለችኝ ጎረቤቴ ባለፈው ቅዳሜ፣ ሁለታችንም ፌስታል ተሸክመን ደረጃ ስንወጣ። ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም ምክንያቱም የሷ ሀሳብ ድሮ የኔም ሀሳብ ነበር። ቤት ገብቼ ዘይቱንም ዱቄቱንም ቦታ ቦታ ካስያዝኩ በኋላ ግን ቁምሳጥን ላይ ያለውን የዱቄት ወተት ጣሳ አወረድኩት። እዛ ጣሳ ውስጥ ደረሰኞቼ ናቸው ያሉት። ሙያዬ አካውንቲንግ ስለሆነ ደረሰኝ መጣል አይሆንልኝም። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ደግሞ ቶሎ ይደበዝዛል፣ የተወሰነ ወር ካለፈው ነጭ ወረቀት ሆኖ ነው የምታገኙት፣ ስለዚህ የምፈልገውን ኮፒ አድርጌ ከዋናው ጋር በስቴፕለር አያይዤ ነው የማስቀምጠው። ይሄን የምጽፈው እነዛን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ነው።

ሱፐርማርኬቱ አራት ኪሎ ነው፣ ፎቅ ስር ያለ፣ ትልቅም ትንሽም የማይባል። ስሙን አልጽፍም፣ የማነሳው ነገር የሱ ብቻ ጥፋት ስላልሆነ አንድን ሰው ነጥሎ መክሰስ ይሆንብኛል። ከ2010 ጀምሮ ደንበኛ ነኝ።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ልናገር። ንጹህ ነው። ፍሪጁ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ወዲያው ስለሚነሳለት ወተትና እርጎ ተበላሽቶብኝ አያውቅም፣ ይሄ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። ዳቦው ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ትኩሱ ይመጣል። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ በነዚህ ሁሉ አመታት አንዴ ብቻ ነው ያጋጠመኝ፣ ብስኩት ነበር፣ ሳሳያቸው መደርደሪያው ላይ ያለውን በሙሉ እዛው ፊቴ አነሱት። ካሸሮቹ ሰላምታ ያውቃሉ። እና ከሁሉ በላይ ሳልጠይቅ ደረሰኝ ይሰጡኛል፣ አንድ ክብሪት ብገዛም ይሰጡኛል። ይሄንን ትልቅ ነጥብ ነው የምሰጠው፣ ምክንያቱ ወደ በኋላ ላይ ይመጣል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። በ2013 መጨረሻ ላይ መንግስት የኑሮ ውድነቱን ለማርገብ ብሎ ዘይት፣ ስኳር፣ ስንዴና ሩዝ ከውጭ ሲገቡ ከቀረጥና ከታክስ ነጻ እንዲሆኑ ወስኖ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። እኔ ያኔ በጣም ነበር ደስ ያለኝ። ቢሮ ውስጥ ሳይቀር «አሁን ዘይት ይወርዳል» ብዬ ለሁሉም ሳወራ ነበር። እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው፣ ጾም ሲሆን ደግሞ እኛ ቤት ዘይት እንደ ውሃ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ ለኛ ወሬ ብቻ አልነበረም፣ የወር ወጪያችን ነው።

ሁለቱ ደረሰኞች ይኸው። የነሐሴ 2013ቱ ላይ ባለ 5 ሊትር ዘይት 400 ብር፣ ከስሩ ቫት 60 ብር፣ ድምር 460። የጥቅምት 2014ቱ ላይ ያው ዘይት፣ ያው ማርክ፣ ያው ቢጫ ጀሪካን፣ የቫት መስመሩ ጠፍቷል፣ ድምር ደግሞ 455። ቆሜ ሁለት ሶስቴ ነው ያነበብኩት። ቫቱ ወረቀቱ ላይ የለም፣ ገንዘቡ ግን ከኔ ቦርሳ ወጥቷል። ከ60 ብሩ ውስጥ ለኔ የደረሰኝ 5 ብር ነው፣ 55ቱ ከወደቡ እስከ መደርደሪያው ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ቀርቷል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር በትክክል ልያዝ፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ቫት 15 በመቶ ስለሆነ ቢነሳ ዋጋው 15 በመቶ ይወርዳል ማለት አይደለም። 15ቱ የሚሰላው ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው፣ እኛ የምንከፍለው ደግሞ ጠቅላላውን ነው፣ 460 ላይ 60 ማለት 13 በመቶ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ቢያወርዱት እንኳን 400 ነበር የምከፍለው። ያንን ነበር ስጠብቅ የነበረው።

ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከካሸሯ ጎን ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሱቁን እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያቆሙት። «ጋሼ፣ የዘይቱ ታክስ ተነስቷል አይደል እንዴ፣ ዋጋው ለምን እዛው ነው?» አልኳቸው። አልተቆጡም፣ እንደውም አጠገባቸው ያለውን ሰው አስነስተው አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ይሄን ዘይት ታክሱን ከፍሎበት ካስገባው ሰው ላይ ነው የገዛሁት፣ ያ ካርቶን ሳያልቅ እንዴት አድርጌ ላውርደው? ከስሬ ልሽጥልሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አካውንታንት ነኝና ይገባኛል፣ ዕቃ የሚሸጠው በገባበት ሂሳብ ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

ግን በሶስተኛው ሳምንት ስሄድ አዲስ ካርቶን ተከፍቷል። ጀሪካኑ አንገት ላይ የተመረተበት ቀን አለ፣ በትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ የተጻፈው፣ መነጽሬን አድርጌ አየሁት፣ ታክሱ ከተነሳ በኋላ የተመረተ ነው። ዋጋው 455። ያኔ ምንም አልጠየቅኳቸውም፣ አዝኜ ነበር እውነቱን ለመናገር።

ያው ሳምንት ግን ሾላ ገበያ ሄጄ ነበር፣ ለበርበሬ ነው የሄድኩት፣ እና እግረ መንገዴን የዘይት ዋጋ ስጠይቅ ይሄው ዘይት 425። ቀጥሎ ያለው ሱቅ 420። ለምን እንደሆነ እዛው ቆማችሁ ብታዩት ይገባችኋል፣ አስር ሱቅ ተደርድሮ አንዱ የሌላውን ዋጋ ይሰማል፣ ገዢው «እሺ ቆይ መጣሁ» ብሎ ሁለት እርምጃ ሲሄድ ሻጩ ከኋላ «ነይ እስቲ ስንት ትያለሽ» ይላል። እኛ ሰፈር ግን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከስራ ስመለስ ዘይት ካለቀብኝ ያለኝ ምርጫ ያ ሱፐርማርኬት ነው፣ ሾላ ድረስ ሄጄ በ30 ብር ልጣላ አልችልም፣ ታክሲውም ድካሙም አለ። ሱቁ መጠበቅ ይችላል፣ እኔ ለዛሬ ማታ ወጥ መጠበቅ አልችልም። ታክሱ ሲነሳ የሚለቀቀውን ገንዘብ የሚወስደው ሰው፣ እስካሁን ባየሁት ሁሉ፣ መጠበቅ የሚችለው ነው።

ይሄንን ያረጋገጠልኝ ደግሞ የእሁድ ገበያው ነው። ሰፈራችን አቅራቢያ የእሁድ ገበያ መቆም ሲጀምር እዚሁ ሱፐርማርኬት ላይ ሽንኩርት፣ እንቁላልና ዱቄት ዋጋቸው ዝቅ አለ፣ በሌላ ቀን አልነበረም፣ ከአርብ እስከ እሁድ። ማንም ታክስ አላነሳም ያኔ። ገዢው ሌላ መሄጃ ስላገኘ ብቻ ነው የወረደው።

የውጭ ሀገሩንም ማንበብ ጀመርኩ ከዛ በኋላ፣ እኛ ጋ ብቻ ይሆን እንዴ ብዬ። አይደለም። ፈረንሳይ በ2009 እ.ኤ.አ. የሬስቶራንት ቫት ከ19.6 በመቶ ወደ 5.5 በመቶ አወረዱት፣ ይሄ በጣም ትልቅ ቅናሽ ነው እንግዲህ፣ ሬስቶራንቶቹም ዋጋ እንቀንሳለን ሰራተኛ እንቀጥራለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። በኋላ ኢኮኖሚስቶች ሲያጠኑት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገንዘብ ባለቤቶቹ ጋ ቀርቶ ተገኘ፣ ትንሹ ድርሻ የደረሰው ለተመጋቢው ነው። ፊንላንድ ደግሞ ጸጉር ቤቶች ላይ ሞከሩት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ከ22 ወደ 8 በመቶ አወረዱ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ 23 በመቶ መለሱት። ሲወርድ ዋጋው የወረደው በከፊል ነው፣ ሲጨምር ግን በደንብ ጨመረ። የአውሮፓን የብዙ አመት የቫት ለውጥ ሰብስበው ያዩ ተመራማሪዎችም ዋጋ ለታክስ ጭማሪ የሚሰጠው ምላሽ ለቅናሽ ከሚሰጠው እጥፍ ገደማ እንደሆነ ነው ያገኙት። የጸጉር ቤቱን ሳነብ የራሴን ጸጉር ሰሪ አሰብኩ፣ አስር አመት ሙሉ ጸጉሬን እሷ ጋ ነው የምሰራው፣ ሌላ ጋ መሄድ ይከብደኛል፣ ታክሷ ቢቀንስላት ዋጋ ባትቀንስልኝ እንኳን አልሄድባትም። ፊንላንዶቹም እንደዛ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጀርመን ግን ሌላ ነው የሆነው፣ እና ይሄንን አለመናገር ትክክል አይሆንም። በኮሮናው አመት በ2020 ከሐምሌ እስከ ታህሳስ ለስድስት ወር ብቻ 19ኙን ወደ 16፣ የምግቡን ከ7 ወደ 5 አወረዱት። ሱፐርማርኬቶቹ አብዛኛውን ቅናሽ ለገዢው አስተላለፉት። ምክንያቱ ጀርመኖች ደግ ስለሆኑ አይመስለኝም፣ እዛ ርካሽ ሱፐርማርኬቶቹ በየሰፈሩ ጎን ለጎን ናቸው፣ በየሳምንቱ በዋጋ ይፎካከራሉ፣ አንዱ ሲያወርድ ሌላው ካላወረደ ሰው ይሄድበታል። የሾላ ነገር ማለት ነው፣ በትልቁ።

ጎረቤታችን ኬንያም በዛው አመት በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ቫት ከ16 ወደ 14 አውርዳ በጥር 2021 መልሳ 16 አድርጋዋለች። 2 በመቶ ነጥብ ማለት 116 ሽልንግ የነበረው 114 ሊሆን ነው፣ እሱም ሻጩ ሙሉውን ካስተላለፈ። እንዲህ ያለ ትንሽ ቅናሽ እኛ ጋ ቢመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት፣ ሳንቲም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፣ የአንድ ብር መልስ «ዝርዝር የለም» ተብሎ ማስቲካ የሚሰጥበት ከተማ ነው። ትንሽ ቅናሽ በዝርዝር እጦት ብቻ ይበላል።

ወደ ጋሼ ልመለስ፣ ሙሉ በሙሉ እሳቸውን ጥፋተኛ ማድረግ አልፈልግም። አንድ የማይታይ ነገር አለ። አንድ ዕቃ ከቫት ነጻ ሲባል ሻጩ ከገዢ ቫት አይሰበስብም፣ ግን እሱ ራሱ ለንግዱ ዕቃና አገልግሎት ሲገዛ የከፈለውን ቫትም (ኢንፑት ቫት የሚባለውን) ማወራረድ አይችልም። በመደበኛው ጊዜ ከሰበሰበው ላይ የከፈለውን ቀንሶ ነው ልዩነቱን ለገቢዎች የሚያስገባው፣ በየወሩ ዲክላር ስናደርግ የምንሰራው ስራ እሱ ነው። ዕቃው ነጻ ከሆነ ለጀሪካኑ፣ ለማሽን መለዋወጫው፣ ለሱቅ ኪራዩ የከፈለው ቫት ወጪ ሆኖ ይቀራል፣ ወጪ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ በአንድ ጀሪካን ላይ እንዲህ ያለው የማይመለስ ቫት 15 ብር ቢሆን ከ60ው ላይ መውረድ የሚችለው 45 ብቻ ነው። ዜሮ ምጣኔ የሚባለው ሌላ ነው፣ ለኤክስፖርት የሚሰጠው ዓይነት፣ እሱ ላይ ታክሱ ዜሮ ሆኖ የከፈሉትም ይመለስላቸዋል። ለተራው ሰው ሁለቱም «ታክስ ተነሳ» ነው የሚባሉት፣ መደርደሪያው ላይ ግን አንድ አይደሉም።

ሌላው ደግሞ ዶላሩ ነው፣ የዓለም ገበያውም አለ። በ2014 መጀመሪያ ላይ የዘይት ዋጋ በዓለምም እየጨመረ ነበር፣ ታክሱ ባይነሳ ኖሮ 455 ሳይሆን ምናልባት 480 ልከፍል እችል ነበር፣ ይሄን መካድ አልችልም። ከዛ የዩክሬን ጦርነት መጣ፣ ሩሲያና ዩክሬን ደግሞ የሱፍ ዘይት ትልልቆቹ ላኪዎች ናቸው፣ በሚያዝያ 2014 ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ መላክ ለጥቂት ሳምንታት ከልክላ ነበር። ያን ሰሞን እዚህ ሱፐርማርኬት ባለ 5 ሊትሩ ከ1,000 ብር አልፎ ነበር የገዛሁት፣ እሱም ሲገኝ ነው፣ መደርደሪያው ባዶ የሆነበት ሳምንት አለ። ከታክስ ነጻ የሆነ ዘይት ነው ይሄ እንግዲህ። እናቴ «ነጻ ያሉት የቱን ነው?» ብላ የጠየቀችኝ አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ፣ መልስ አልነበረኝም። ዕቃ ሲጠፋ ታክስ ብታነሳ ዋጋውን የሚወስነው ሰው ዕቃውን የያዘው ነው፣ ገዢው ተሰልፎ እየለመነ ምን ብሎ ይከራከራል።

ግን ጋሼን አንድ ነገር ላይ ይቅር ማለት ከብዶኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሰኞ ዕለት ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። ረቡዕ ማታ ከስራ ስመለስ እዚህ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ዘይቱ ጨምሯል። ዱቄት ወተቱ ጨምሯል። ሳሙናው ሳይቀር። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ግን ቅዳሜ ያየሁት ዕቃ ነው፣ አንዱ የሳሙና ካርቶን ጎኑ ተቀዶ ስለነበር ለይቼ አውቀዋለሁ፣ እዛው ቦታው ላይ ነው። «ያ ካርቶን ሳያልቅ እንዴት ላውርደው» ያሉኝ ሰው ያ ካርቶን ሳያልቅ ጨመሩት። አሮጌው ሂሳብ ለማውረድ ጊዜ ሶስት ሳምንት ይቆያል፣ ለመጨመር ጊዜ ሁለት ቀን አይቆይም። ነገርኳቸው ይሄንን፣ በአክብሮት ነው የነገርኳቸው። «ነገ የምገዛው በስንት እንደሆነ አላውቅም እኮ ልጄ፣ ዛሬ በድሮው ሸጬ ነገ መደርደሪያዬን በምን ልሙላው?» አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፣ ንግድ ቢሮም በዛ ሳምንት ዋጋ የጨመሩ ሱቆችን እያሸገ ስለነበር ፊታቸው ላይ ጭንቀት ነበር። ግን ደመወዜ ያኔ አልጨመረም፣ እኔም ነገ በስንት እንደምገዛ አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ፈርተን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ደረሰኝ ስለመስጠታቸው ለምን ትልቅ ነጥብ እንደሰጠሁ ልናገር። ገበያ ላይ እኛ ራሳችን በየቀኑ የምንፈጥረው «የታክስ ቅናሽ» አለ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «በደረሰኝ ነው ያለደረሰኝ?» የሚለው። አምና መርካቶ ባለ ሁለት ስቶቭ ልገዛ ገብቼ ሻጩ በደረሰኝ 9,200፣ ያለደረሰኝ 8,500 አለኝ። 9,200 ማለት 8,000 እና ቫት 1,200 ነው። ያለደረሰኝ ስገዛ መንግስት ጋ መግባት የነበረበት 1,200 ብር ተከፋፈለ ማለት ነው፣ 700ው ለኔ፣ 500ው ለሻጩ። እኔ ደግሞ ያን ቀን 700 ብሩን አይቼ ያለደረሰኝ ገዛሁ፣ ማድረግ አልነበረብኝም፣ በሙያዬም በህሊናዬም ልክ አልነበረም። በወሩ የአንዱ ምድጃ ሽቦ ተቃጠለ። ይዤው ስሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደረሰኝ አለሽ?» ነበር፣ ዕቃው ከዚህ ለመውጣቱ ምን ማስረጃ አለሽ ተባልኩ፣ ማሰሪያውን 900 ብር ከኪሴ ከፈልኩ። 700ው ብር የት ገባ።

ይሄኛውን ሱፐርማርኬት ስለዚህ ነው የማከብረው፣ በዋጋ ባዝንባቸውም ከኔ የሰበሰቡት ቫት ማሽኑ ውስጥ ተመዝግቦ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሌላ ቦታ «ቫትን ይጨምራል» ተብሎ ከተከፈለ በኋላ ደረሰኝ ሲጠየቅ ፊት የሚያጠቁሩ አሉ፣ እዛ ጋ ታክሱን የከፈልኩት ለማን እንደሆነ እንኳን አላውቅም። ቫት ከ1995 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ የድሮውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ፣ በ2016 አዲስ አዋጅ ሲወጣም 15 በመቶው አልተነካም፣ ከዚህ ሁሉ አመት በኋላ ደረሰኝ መጠየቅ እንደ ጸብ መቆጠር አልነበረበትም።

ጎረቤቴ በማግስቱ ቡና ስትጠራኝ ይሄን ሁሉ ነገርኳት፣ ደረሰኞቹንም ይዤላት ሄድኩ። «ታዲያ ይቅር ነው የምትዪው? ታክስ አይነሳ?» አለችኝ። አይደለም። ዘይት ላይ 5 ብርም ቢሆን ለጡረተኛ 5 ብር ነው፣ ከታክስ ነጻ መሆኑ ዕቃው እንዲገባ ካደረገም ጥሩ ነው። እኔ የምለው ታክስ አንስቶ «ወረደላችሁ» ብሎ መሄድ አይበቃም ነው። በተነሳበት ቀን የዕቃው ዋጋ በፊትና በኋላ ስንት እንደሆነ በየሱቁ በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ፣ የሸማቾች ማህበር ሱቆቹ ዕቃ ይኑራቸው፣ የእሁድ ገበያው በሌላ ቀንም ይቁም፣ ያኔ ጋሼም ሳይወዱ በግድ ያወርዱታል፣ እንቁላሉን እንዳወረዱት። «እነሱ ጋ ዋጋ እንዲለጥፉ ለምን አትጠይቂያቸውም?» አለችኝ። ልክ ነበረች፣ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ትንሽ ካሰቡ በኋላ «በፊት የነበረውን ዋጋ ለመለጠፍ ከሆነ እኔ ጋ የድሮ ደረሰኝ የለኝም» አሉኝ። እኔ ጋ አለ አልኳቸው። ሳቁ። ኮፒውን ሐሙስ አመጣለሁ ብያቸዋለሁ፣ ከለጠፉት እዚሁ እጨምርበታለሁ።

እስከዛው ከ5 ኮከብ 3 ነው የምሰጠው። ለንጽህናው፣ ለፍሪጁና ለደረሰኙ ሙሉ ነጥብ፣ ለዋጋው አንድ። ዘይት፣ ዱቄትና ስኳር ከዚህ አትግዙ፣ ቅዳሜ ጊዜ ካላችሁ ሾላ ይሻላል፣ ወይም እሁድን ጠብቁ። ወተት፣ እርጎና ዳቦ ግን ከዚህ ግዙ፣ ዳቦው ከሶስት ሰዓት በፊት ነው፣ ከዛ በኋላ የሚቀረው ደረቁ ነው። መኪና ማቆሚያ የለውም፣ ኮሪደሩ ከተሰራ በኋላ ግን የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ በእግር መሄድ ደስ ይላል። በሞባይል ባንኪንግ መክፈል ይቻላል፣ ኔትወርክ አንዳንዴ ያስቸግራል፣ ጥሬ ብርም ያዙ። ድምሩን ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት እዛው ቆማችሁ አንብቡት፣ የቫቱን መስመር ብቻ አይደለም፣ የመጨረሻውን ቁጥር።